ገብስማዋ የጣለችው ዕለት

ሀብቴ ያን ቅዳሜ ጠዋት የሠራውን ሌብነት ነው ማለት አይቻልም። ዶሮዋ የራሱ ናት፣ የዶሮ ቤቱን አውራ ጣቱን እየቀጠቀጠ በገዛ እጁ የሠራው እሱ ነው፣ ግቢውም ቢሆን ባንኩ ከፈቀደ የእሱ ነው። ታዲያ እጁን ጭዱ ውስጥ ከትቶ እንቁላሏን ሲያወጣ፣ አንዴ የጎረቤቱን አጥር፣ አንዴ የመኝታ ቤቱን መስኮት ሰረቅ አድርጎ ሲያይ የታዘበ ሰው ቢኖር "ይሄ ሰውዬ ምን ሊሰርቅ ነው?" ማለቱ አይቀርም ነበር። እንቁላሏ ትንሽ ናት። ቀላ ያለች፣ አንደኛው ጫፏ ላይ ጠቃጠቆ ያለባት፣ መዳፉ ውስጥ ግጥም የምትል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሙቅ። ገብስማዋ ዶሮ ከሳጥኑ ወርዳ፣ ከእሷ በፊት የጣለ ዶሮ ዓለም ላይ የሌለ ይመስል ታስካካለች። ሀብቴ ስድስት ወር ሙሉ ይህን ድምፅ ሲጠብቅ ኖሮ አሁን በነጠላ ጫማና በቁምጣ እርጥብ ሣር ላይ እንደቆመ ትከሻው ለብቻው መነቅነቅ ጀመረ። ስድሳ ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር የቀረው ሰው በአንድ እንቁላል እንዲህ ይሆናል ብሎ ማን ይገምታል። "እሰይ የኔ እመቤት" አላት ዶሮዋን በሹክሹክታ። ወዲያው ደግሞ "በቃ ዝም በይ፣ ሰው ትቀሰቅሻለሽ" ብሎ እፍኝ በቆሎ በተነላትና እንቁላሏን ሸሚዙ የደረት ኪስ ውስጥ ከተታት።

ሰው የስድስት ወር ምኞቱን አግኝቶ ለምን ይደብቃል ቢባል፣ ጥፋቱ የአፉ ነው። ሰኔ ላይ አራት ሽማግሌዎች ከዴንተን ድረስ መጥተው፣ ዳላስ አጠገብ ሮውሌት ያለው ቤቱ ሳሎን ውስጥ ቆመው ነበር። ሶፋው ባዶ ሆኖ ሳለ "የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም" ብለው ከነከረባታቸው ተሰልፈው። የመጡት ለፊልሞን ነው፤ የሀብቴን አንድያ ልጅ ሊናን ሊጠይቁ። ሊናና ፊልሞን ራሳቸው ተዋውቀው፣ ራሳቸው ተስማምተው፣ ቀለበቱን ሳይቀር ራሳቸው መርጠው ጨርሰዋል። ሚስቱ የትምወርቅ ግን "ልጄ ያለ ሽማግሌ ከዚህ ቤት አትወጣም" ስላለች ሽማግሌ ተላከ። አባት ደግሞ በወጉ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም፤ "አስበን እንመልሳለን" ብሎ ይሸኛል። ሀብቴም እንደዚያው አለ። እዚያ ላይ ቢበቃው ምን ነበረበት? የሽማግሌዎቹ አለቃ ጋሽ ሀይሌ "እስከ መቼ እንጠብቅ?" ሲሉት በመስኮቱ አሻግሮ ስድስቱን ዶሮዎቹን አየ። ያኔ ጫጩትነታቸውን ጨርሰው ቄብ ሆነዋል። "እነዚያ ቄቦች እንቁላል ሲጥሉ ኑ" አለና አረፈው። መቀለዱ ነው። ማንም አልሳቀም። ጋሽ ሀይሌ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው "መልካም፤ ቄቦቹ ሲጥሉ" አሉ፤ አራቱም ተከታትለው ወጡ። ሽማግሌ ፊት የተነገረ ቃል ደግሞ እንደ ቴክስት አይሰረዝም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው።

ከዚያ ወዲህ ከዳላስ እስከ ፎርት ወርዝ ያለ ሐበሻ ሁሉ ሥራው የሀብቴን ዶሮዎች መጠየቅ ሆነ። ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ "ጣሉ?" ለቅሶ ቤት ሻይ ይዞ ሲቀመጥ "ጣሉ?" የሚነዳው የኤርፖርት ሻትል ላይ የተሳፈረ አይቶት የማያውቅ ልጅ ሳይቀር ሻንጣውን እያወረደ "የዶሮዎቹ አባት እርስዎ ነዎት?" ብሎታል። የትምወርቅ ደግሞ ከሁሉም ብሳ ሦስት ወር ሙሉ መድረሻ አሳጣችው። "ልጄን በዶሮ ቂጥ ላይ አንጠልጥለህ አስቀረሃት!" ትለዋለች። እውነቱን ለመናገር ሀብቴ ዶሮዎቹ እንዲጥሉም ይመኛል፣ እንዳይጥሉም ይጸልያል። ፊልሞንን ጠልቶት አይደለም፤ ነቀፌታ ፈልጎ ፈልጎ አጥቶበታል። ችግሩ ቤቱ ነው። ሀብቴ ሳይነጋ ወጥቶ ከቀትር በኋላ ይመለሳል። የትምወርቅ ደግሞ አረጋውያን መጦሪያ ስለምትሠራ ከቀትር በፊት ወጥታ እኩለ ሌሊት ላይ ትገባለች። ባልና ሚስቱ በሳምንት አምስት ቀን የሚነጋገሩት ፍሪጅ ላይ በሚለጠፍ ወረቀት ነው፤ ወረቀቱም ወይ "ወተት አልቋል" ይላል ወይ "ቆሻሻውን አውጣ"። ቅዳሜና እሁድ ሊና መካከላቸው ተቀምጣ ካላወራቻቸው ሁለቱም ቴሌቪዥኑን ያያሉ። ልጅቷ ስትወጣ እኔና የትምወርቅ ምን ልንባባል ነው? ሀብቴ ሻትሉን ሲነዳ የሚያስበው ይህንኑ ነው። ለዚህ ነው እንቁላሏን ኪሱ የከተታት።

ወጥ ቤት ሲገባ ሊና ላፕቶፗን ከፍታ አጃ እየበላች ነው። የትምወርቅ አልተነሣችም፤ ትናንት ሰው ቀርቶ ደብል ሺፍት ስለሠራች የገባችው ሊነጋጋ ሲል ነው። "ጣሉ?" አለች ሊና ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሣ። በዚያ ቤት ጥያቄው እንደ እንዴት አደርክ ሆኗል። ሀብቴ "የት ይጥላሉ" አለና እጁን ሳያውቀው ደረቱ ላይ አደረገ። ልጅቷ ነርስ ናት። ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"አባ፣ ደረትህን ምን ሆንክ? ፔይን አለህ? ማለቴ፣ ወደ ግራ እጅህ ይሄዳል?"

"ምንም አልሆንኩም።"

"ሶ ለምን ያዝከው? ቁጭ በል፣ ኦኬ? አትነሣ።"

የእጁን አንጓ ይዛ ሰዓቷን እያየች የልብ ምቱን ቆጠረች። መቶ አሥራ ስምንት። "ይሄ ኖርማል አይደለም" አለች። ኖርማልማ አይደለም፤ ሰው የመጀመሪያ እንቁላሉን ደረቱ ላይ ታቅፎ ልቡ እንዴት ኖርማል ይመታል? ሀብቴ የሊናን ጎንበስ ያለ ራስ ከላይ ሆኖ አየ። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ስትቆጥር ልክ የአንደኛ ክፍል ልጅ ትመስላለች። እንግዲህ ይህችን ነው አንሥቼ ለሰው የምሰጠው አለ በልቡ። "ደስ ብሎኝ ነው" አላት። "በምን?" አለች። "ቅዳሜ ስለሆነ" አለና የመኪና ቁልፉን አንሥቶ ወጣ። ፍሪጁ ላይ የትምወርቅ "ቀይ ሽንኩርት፣ ሹሮ" ብላ ለጥፋለች፤ ምክንያት አላጣም።

እንቁላሏን መኪናው የቡና ስኒ መያዣ ላይ አስቀመጣት። ልክክ አለች። ሠላሳ ዓመት አሜሪካን አገር መኪና ሲነዳ ያ ቀዳዳ ለምን እንደተሠራ ገና ዛሬ የገባው መሰለው። በየትራፊክ መብራቱ ያያታል። ከኋላው ሦስት ጊዜ ጥሩምባ ተነፋበት። ነዳጅ ሲሞላ ከጎኑ አንድ ባርኔጣ የደፋ ትልቅ ሰውዬ ፒካፑን እየሞላ ነበር፤ ሀብቴ ከዚህ በላይ መቻል አቃተው። ለማንም ሳይናገር ሊፈነዳ ነው። ይህ ሰውዬ ደግሞ ጋሽ ሀይሌን አያውቅ፣ የትምወርቅን አያውቅ። ሀብቴ እንቁላሏን በሁለት እጁ ይዞ ጠጋ አለና በእንግሊዝኛ "የኔ ዶሮ፣ የመጀመሪያዋ፣ ዛሬ" አለው። ሰውየው እንቁላሏን አየ፣ ሀብቴን አየ፣ የነዳጁን ቧንቧ ሰቅሎ ባርኔጣውን አወለቀ። አያቱ ዶሮ ታረባ እንደነበር፣ የመጀመሪያ እንቁላል የተገኘ ቀን ቤተሰቡ ሁሉ ወጥቶ ያይ እንደነበር አጫወተው። ከዚያ "ኮንግራጁሌሽንስ ሰር" ብሎ ጨበጠው። ሀብቴ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከዚህ ሁሉ ዘመድ መካከል ደስታውን የተካፈለው ስሙን የማያውቀው ፈረንጅ መሆኑ ቢያናድደውም፣ መኪናው ውስጥ ገብቶ ለብቻው አሽካካ።

ቪከሪ ሜዶ ሰፈር ያለው የሐበሻ ሱቅ ሲደርስ እንቁላሏን መኪና ውስጥ መተው አልሆነለትም። መስከረምም ቢሆን የዳላስ ፀሐይ የተዘጋ መኪና ውስጥ እንቁላል ይቀቅላል። መልሶ ኪሱ ከተታትና ደረቱን እንደ ቁስለኛ ጠብቆ ገባ። ገና በሩን ሲያልፍ ወልዴ አየው። ወልዴ የድሮ የታክሲ ባልደረባው ነው፤ ቁመቱ ከማቀዝቀዣው እኩል፣ ሰላምታው ደግሞ ትግል። እጁን ዘርግቶ "ሀብትሽ!" ብሎ ሲመጣ ሀብቴ ወደ ጎን ዞሮ የቀኝ ትከሻውን ብቻ ሰጠው። ወልዴ በግራም ሊደግም ሲል አፈገፈገ። በቀኝ ደገመለት፣ ሦስተኛውንም በቀኝ።

"ምነው፣ ተጣላን እንዴ?" አለ ወልዴ ፊቱ ተለውጦ።

"ኧረ ትከሻዬ ነው፣ አመመኝ።"

"ዶሮ ስታሳድድ ይሆናላ። ጣሉ?"

ሱቁ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዞረ። ባለ ሱቋ ዓለምጌጥ ሽንኩርት መመዘኗን አቆመች። ሀብቴ አፉን ከፈተ፤ ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሷል። ምን ያህል ነበር የሚጮኹለት! ዓለምጌጥ እልል ትላለች፣ ወልዴ አንሥቶ ያዞረዋል፣ ከምሳ በፊት ወሬው ዴንተን ይገባል። "አልጣሉም" አለ። ሱቁ ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ። ዓለምጌጥ "አይዞህ፣ እንቁላል ቀስ በቀስ ነው፤ እስከዚያ ሊና ታረጃለች እንጂ" አለችው፤ ሰው ሳቀ። ሀብቴም አብሮ ሳቀ። ኪሱ ውስጥ ያለችው እንቁላል ግን የሺህ እንቁላል ያህል ከበደችው።

ቤት ሲመለስ ፊልሞን ጓሮ ነው። መልስ ያላገኘ ሙሽራ እጮኛው ቤት ዝር ማለት የለበትም፤ ሽማግሌዎቹ ቢሰሙ ጉድ ይፈላል። ልጁ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ በጓሮው በር ገብቶ ዶሮዎቹን አይቶ ይሄዳል፤ ሀብቴም እንዳላየ ሆኖ አጠገቡ ቆሞ ያወራዋል። ፊልሞን እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ ቀጭን፣ መነጽራም፣ ዴንተን ፊዚካል ቴራፒስት የሆነ ልጅ ነው። አሁን በንጹሕ ሱሪው ጭዱ ላይ ተንበርክኮ ቀይዋን ዶሮ ጀርባዋን ይነካካል። ዶሮዋ ክንፏን ከፈት አድርጋ ቁጢጥ አለች።

"አዩ ጋሽ ሀብቴ? እንደዚህ ሲያደርጉ ሬዲ ናቸው ማለት ነው። ፊቷም ቀላ። ዛሬ ወይ ነገ፣ እኔ እንጃ።"

ሀብቴ ኪሱን በሽንኩርቱ ፌስታል ከለለ። ፊልሞን ከጎኑ ካርቶን አንሥቶ አሳየው፤ አምፖል፣ ሽቦ፣ ሰዓት የተገጠመለት ማብሪያ። ቀኑ እያጠረ ስለሆነ ብርሃን ካነሳቸው እስከ ስፕሪንግ ላይጥሉ እንደሚችሉ አንብቧል። "ሶ መብራት ላስገባላቸው፣ ከፈቀዱልኝ" አለ።

"እስከ ስፕሪንግ ባይጥሉስ?" አለ ሀብቴ።

"እጠብቃለሁ። ዎት ኤልስ?" አለና ልጁ መነጽሩን አስተካከለ። ሽቦውን እየፈታ ደግሞ፣ "ከሠርጉ በኋላም ቅዳሜ ቅዳሜ ብመጣ ያስቸግራል? ማለቴ፣ ዶሮዎቹን ለምጃቸዋለሁ። ሊና ካልመጣች እኔ ብቻዬን እመጣለሁ።"

ሀብቴ አፈረ። ከሱቅ ይዞት የመጣው ሽንኩርት እጁ ላይ እንዳለ ጆሮው ድረስ ጋለ። ይህን ልጅ በመብራትና በሽቦ እያለፋ እንቁላሏን ደረቱ ላይ ሸሽጎ መቆም አላስቻለውም። "መሰላሉ ጋራዥ ነው" አለው፤ ሊና መሰላሉን ልትይዝለት ስትወጣ እሱ ወደ ወጥ ቤት ገባ።

የትምወርቅ ተነሥታ ጋውኗን እንደለበሰች ጠረጴዛው ላይ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች። "መጣህ?" አለች። "መጣሁ" አለ። ከዚያ በኋላ የተሰማው የፍሪጁ ድምፅ ብቻ ነው። ሀብቴ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። ሶፍት አጥፎ ጠረጴዛው ላይ አነጠፈ፤ እንቁላሏን ከኪሱ አውጥቶ እንዳትንከባለል ቀስ አድርጎ እላዩ ላይ አስቀመጣት። የሚመጣውን ሁሉ ለመቀበል ተዘጋጅቷል፤ ጩኸቱን፣ እልልታውን፣ እስከ አሁን የት ደብቀህ ነው የሚለውን። የትምወርቅ ቀና ብላ አየቻት። እጇ ሽንኩርቱን መላጡን አላቆመም።

"የገብስማዋ ናት" አለች።

"አዎ፣ ገብስማዋ ናት። ጠዋት እጄን ስከት..." ሀብቴ እዚህ ላይ አቆመ። "አንቺ እንዴት አወቅሽ?"

"ጠቃጠቆ ያላት የእሷ ብቻ ናታ። የቀይዋ እኮ ጠቆር..." አለችና ሽንኩርቱ ከእጇ ወደቀ። አፏን በመዳፏ ያዘች።

ባልና ሚስት ተያዩ። በደንብ ከተያዩ ስንት ጊዜያቸው ነው። የትምወርቅ ተነሥታ ወደ ጋራዥ ሄደች፤ ሀብቴ እንቁላሏን ይዞ ተከተላት። እዚያ ያለውን ትርፍ ፍሪጅ ከፍታ፣ የበርበሬውን ፌስታል ወደ ጎን ገፍታ፣ የአይስክሬም ባልዲ አወጣች። በወጥ ቤት ፎጣ ተሸፍኗል። ፎጣውን ገለጠችው። እንቁላል ነው፤ ቀላ ያለ፣ ጠቆር ያለ፣ ጠቃጠቆ ያለበት፣ እስከ አፉ። አሥራ ዘጠኝ።

"ከመቼ ጀምሮ?" አለ ሀብቴ።

"ሦስት ሳምንት ሊሞላ ነው። አንተ ሥራ ስትሄድ እኔ ነኝ ቀድሜ የማየው። ቅዳሜና እሁድም ቀድሜህ እነሣለሁ፤ ዛሬ ነው እንቅልፍ የጣለኝ። የመጀመሪያዋን ያገኘሁ ዕለት እልል ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ የሊና ክፍል መጋረጃ ታየኝ፤ ክፍሏ ባዶ ሊሆን ነው ብዬ አፌን ዘጋሁ። ነገ እነግረዋለሁ እላለሁ፣ በነገታው ሌላ ትጥላለች።"

"ታዲያ ይሄን ሁሉ ቀን ለምን ሰደብሽኝ?"

"ካልሰደብኩህ ትጠረጥረኝ የለ!"

ሀብቴ መጀመሪያ ሊቆጣ ነበር፤ ቁጣው ግማሽ መንገድ ላይ ሳቅ ሆኖበት ወጣ። የትምወርቅም ጀመረች። ሳቋ ከባድ ነው፤ ወገቧን ይዛ ሣር ማጨጃው ላይ ተደገፈች፣ ያም አልበቃ ብሏት ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለች። ሀብቴ አጠገቧ ተቀመጠ። "ጋውንሽ ኪስ ውስጥ ነበር የምትከቻቸው?" ሲላት ድምፅ ማውጣት አቅቷት ራሷን ነቀነቀች። "እኔ የሸሚዜ ኪስ" አለ። "ለዚያ ነዋ! ሊና አባቴ ልቡን አመመው ብላ ቀሰቀሰችኝ" አለች፤ እንደገና ተንፈራፈሩ። ሳቁ መሃል ላይ የትምወርቅ አለቀሰች፤ "ምን እንሆናለን ብዬ ነው ሀብቴ፣ እኔና አንተ ብቻችንን" አለች። ሀብቴ እጇን ያዘ። ሽንኩርት ሽንኩርት ትሸታለች።

ሊናና ፊልሞን ጫጫታውን ሰምተው በጓሮው በር ሲገቡ ያዩት ይህን ነው፤ ሁለት ሽማግሌ ሊሆኑ የተቃረቡ ሰዎች መሬት ላይ ተቀምጠው፣ መካከላቸው ባልዲ። ፊልሞን እጁ ላይ አምፖል ይዟል።

"ኦ ማይ ጋድ" አለች ሊና። "መቼ ጣሉ?"

"ዛሬ" አለ ሀብቴ። "ሦስት ሳምንት ሆነው" አለች የትምወርቅ። እኩል ነው የተናገሩት። ሊና አንዱን አየች፣ ሌላዋን አየች፣ ባልዲውን አየች። ነገሩ ሲገባት ፊቷ ሊቆጣም ሊያለቅስም ፈልጎ ሁለቱንም ተወው። "እናንተ ሰዎች" አለች። "ሶ እኔ አርባ ደቂቃ ርቀት ነው የምሄደው እኮ፣ ማርስ አይደለም!" ጎንበስ ብላ ሁለቱንም አንድ ላይ አንገታቸውን አቀፈች። ከዚያ ስልክ አውጥታ ለአባቷ ሰጠችው። "ደውል።"

ጋሽ ሀይሌ ወዲያው አነሱ። ሀብቴ ስፒከር ላይ አድርጎ "ጋሼ፣ ጣሉ" አለ። ሽማግሌው ነገር በማስረጃ የለመዱ ናቸው። "ስንት?" አሉ። ሀብቴ መዋሸት ሰልችቶታል። "ሃያ።"

"በአንድ ቀን? ስድስት አልነበሩም እንዴ ዶሮዎቹ?"

ሀብቴ ስልኩን ለየትምወርቅ አቀበላት። የትምወርቅ ሳቋ ስላልበረደ ለሊና ሰጠቻት። ሊና "እኔ አልችልም፣ ሙሽራዋ ነኝ" ብላ በሹክሹክታ ለፊልሞን ወረወረችለት። ፊልሞን ደንግጦ "አቤት ጋሼ" አለ።

"ማነው? ፊልሞን? መልስ ሳይሰጥህ እዚያ ቤት ምን ትሠራለህ አንተ?"

"መብራት... ለዶሮዎቹ መብራት እየሠራሁ ነው።"

ከዚያ ከስልኩ ውስጥ ሳል የመሰለ ድምፅ መጣ፤ ሳል ሳይሆን ሳቅ ነው። "ሀብቴን ስጠኝ" አሉ። "ስማኝ ሀብቴ፣ እኔ ሦስት ሴት ልጆች ድሬአለሁ። የመጀመሪያዋን ሲጠይቁኝ ጥርሴን ልታከምና ኑ ብያቸው፣ አንድ ዓመት ሙሉ ሐኪም ቤት ሳልሄድ በሕመም ተሰቃይቻለሁ። በል አሁን፣ ነገ እንምጣ ወይስ ሌላ ቀጠሮ ትሰጠናለህ?"

ሌላ ቀጠሮ መስጠት ይችል ነበር፤ ወጉ ይፈቅድለታል። ሀብቴ ሊናን አየ። ፊልሞን ትከሻ ላይ የተጣበቀውን ጭድ እያራገፈችለት ነው። "ነገ ኑ ጋሼ" አለ። የትምወርቅ ስልኩን ከእጁ ነጥቃ "ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ በቀጥታ" አለችና ዘጋችው።

ልጆቹ አምፖሉን ሣር ማጨጃው ላይ ጥለው ወደ ወጥ ቤት ሮጡ፤ ሊና የሚደወልለት ሰው ሁሉ ስሙ በአንዴ መጣባት። ባልና ሚስቱ ጋራዥ ውስጥ ቀሩ። የትምወርቅ ባልዲውን ጭኗ ላይ አድርጋ አሥራ ዘጠኙ ላይ ሃያኛዋን አስቀመጠች። "ለስንት ሰው ነው የምንሠራው?" አለች። ሀብቴ "አራት ሽማግሌ፣ ወልዴን ካልጠራሁት ይገለኛል፣ ዓለምጌጥም አለች" አለ። "ወልዴ ለብቻው ሦስት ይበላል" አለች። "አራት!" አለ። ከዚያ የራሳቸው ሠርግ ላይ ወጥ የደፋው ሰውዬ ማን እንደነበር ተከራከሩ፤ እሷ የአጎቴ ልጅ ነው ትላለች፣ እሱ ሚዜዬ ነው ይላል። የትኛዋ ዶሮ የትኛውን እንቁላል እንደጣለች አንድ በአንድ እያነሣች አስተማረችው። ሊና ከወጥ ቤት ሁለት ጊዜ ጠራቻቸው፤ አልሰሟትም።